ቀብሩ ላይ ያልተጠራው ስም

ዲላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሰላማዊት ሀብተ ጊዮርጊስ፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ልጅ? የኩዌት ሙቀት በረደላችሁ ወይ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። እህል አትበላም ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ጎረቤታችን ሀምዲያ ሳልበላ ከቤት አትወጣም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ወደዚያ የምትመለሰው መሰለች ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ አጠገብሽ አሠሪዎችሽ ስላሉ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ድፍረቱ አልነበረኝም።

የአባትሽን ቀብር ቪዲዮ አይተሽ፣ «እማዬ፣ ሰው የታለ? አባዬን ሰው ይጠላው ነበር እንዴ?» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም የቡና ለቀማ ጊዜ ስለሆነ ነው አልኩሽ። አይደለም። ሰው ያልመጣው በእኔ ምክንያት ነው።

አባትሽ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ሀብተ ጊዮርጊስ ነበር። ከሰፈር ከወጣ ግን ጃርሶ ነበር። በወጣትነቱ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሊጠግን ወርቃ ሲሄድ ያሳደሩት ሽማግሌ የሞተባቸውን ልጅ ስም ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ከኢዲዶ እስከ ጨለለቅቱ በሌላ ስም የጠራው የለም። ሀምዲያ፣ «እኛ ሐረርጌ ጃርሶ ወረዳም ነው፣ ጎሳም ነው፤ ባልሽ አገር ሙሉ ተሸክሞ ነው እንዴ የሚዞረው?» እያለች ትስቅበት ነበር። በጉጂና በቦረና ደግሞ ለወንድ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። ቀበሌ ብትሄጂ የስንቱ ሰው የአያት ስም ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለእኛ ግን የሥራ ቦታ ቅጽል ስም ብቻ ነበር፤ እኔም ጉዳዬ አልነበረም።

አንቺ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ኮቱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ የትምህርት ቤት ካርድ አገኘሁ። ኤልቤቴል ጃርሶ ይላል፤ አራተኛ ክፍል፣ ወርቃ። ጠየቅኩት። አልካደም። አንቺ ሀብተ ጊዮርጊስ እየተባልሽ ስታድጊ፣ እዚያ የወለዳት ልጅ በጃርሶ ተመዝግባ ታድጋለች። ሁለቱ ስሞች እንዳይገናኙ አደረገ፤ እኔም እንዳይገናኙ ጠበቅኩለት። እህት አለሽ ሰላሜ።

ያረፈ ቀን ጠዋት የእድራችን ጡሩምባ ነፊ አብዲሳ መጣ።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ብዬ ብለፈልፍ ገበያው ማን እንደሆነ አያውቅም። ጃርሶ ልበልና ሾፌሮቹ ወሬውን ያድርሱት።»

«እናቱ ያወጣችለትን ስም ጥራ!» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! በዚያ ስም እኮ ከሰፈር ሰው በቀር የሚቀብረው አይኖርም።»

«ነገርኩህ አብዲሳ።»

«እሺ። እኔ ጡሩምባ ነፊ እንጂ ስም አውጪ አይደለሁ።»

ጃርሶ ተብሎ ከተለፈፈ ልጅቷ ትሰማለች። ሳጥኑ ላይ ወድቃ «አባዬ» ስትል እድርተኛው ሁሉ ዞር ብሎ እኔን ያያል። የፈራሁት ይህንኑ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራላቸው ገበሬዎች ሳይሰሙ የእድሩ ሰው ብቻ ቀበረው።

በአምስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ወሬው ዘግይቶ የደረሳቸው ገበሬዎች ከወርቃና ከኢዲዶ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ጴጥሮስ የሚባሉ አዛውንት በሩ ላይ ቆመው፣ «ጃርሶን ደብቃችሁ ቀበራችሁት? ማሽኔ ሲቆም በዝናብ ይመጣልኝ ነበር። እኔ አንድ አካፋ አፈር ላለብሰው አይገባኝም ነበር?» አሉኝ።

ከኋላቸው ኤልቤቴል ነበረች። አይቻት አላውቅም፤ ግን አገጯ ያንቺ ነው፣ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኳት። አላለቀሰችም። አጠገቤ ተቀምጣ በቀስታ፣ «እማማ፣ እኔ እዚሁ ዲላ ነው የምማረው። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣልኝ ነበር። ሲቀር አሞት ይሆናል ብዬ ስጠብቀው ዋልኩ» አለችኝ። የቀበርነው እሁድ ነው። «የእሁዱን ጡሩምባም ሰምቼዋለሁ። የማላውቀው ሰው ነው ብዬ ልብሴን ማጠብ ቀጠልኩ።»

ያኔ እንኳ እጇን መያዝ እችል ነበር። ሀምዲያ ሻይ ይዛ ገብታ፣ «ይቺ ቆንጆ ደግሞ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። «ይሠራበት ከነበረው ቦታ የመጣች ናት» አልኩ። ልጅቷ ሰማችኝ። ብርጭቆውን ሳትቀምሰው አስቀመጠችና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አርባው ታኅሣሥ 3 ይውላል። አብዲሳን ሁለቱንም ስም እንዲጠራ ነግሬዋለሁ፤ ገበሬዎቹ ይመጣሉ። እሷ ግን ከዚያ ቃሌ በኋላ ትመጣለች ብዬ አላምንም። ስልኳን ከጴጥሮስ ተቀበልኩ። ሁለቴ ደወልኩ፤ ድምጿን ስሰማ ዘጋሁት።

ቁጥሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በተጣበቀው ወረቀት ላይ አለ። በእኔ ተቆጪ፤ ከፈለግሽ ለወር አትደውዪልኝ። ለእሷ ግን ደውዪላት። እህቴ በያት አልልሽም፤ ልብሽ ከከበደው ይቆይ። ስለ እሱ ስታወሪ ብቻ «አባታችን» በዪ። እኔ ፊቷ ላይ የነፈግኳት ይህን ነው።

አምላክ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርሽ፤ በደህና ያገናኘን።

እናትሽ ድንቅነሽ