ልጅዎን አስመርቀው የኬታኪን ፋይል ስለመለሱ

ለክቡር ዶክተር ማካራንድ ኢናምዳር
የጾታ ማንነት ምስክር ወረቀት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ አዲሱ ልጅዎም፣ መቼም ባዶ ሆኖ የማያውቀው የጠረጴዛዎ መሳቢያም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የቀድሞ መምህርዎ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን በጋዜጣ የጻፍኩልዎ አራት ደብዳቤዎቼ መልስ ስላላገኙና ጋዜጣ ግን ቁርስ ላይ እንደማያመልጥዎ ስለማውቅ ነው።

በቅድሚያ ምስጋና ላቅርብ። ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት መሆናቸውን፣ ወይም ሴት ተብለው ወንድ መሆናቸውን የሚያውቁ ሰዎችን በአእምሮ ሐኪምነት ሃያ ሰባት ዓመት ሳማክር፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ቁርጡን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ባለፈው ወር በማስታወሻዎ «የማያስፈልግ» ብለው ጽፈዋል። አጭር በመሆኑ ለመሸምደድ አልተቸገርኩም።

ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

፩. አራት ዓመት የማማክራት ኬታኪ ነርስነት ለመማር በራሷ ስም የምትመዘገበው የእርስዎን ምስክር ወረቀት ስትይዝ ብቻ ሲሆን፣ ምዝገባው የፊታችን ዓርብ በአሥር ሰዓት ያበቃል። ኮሚቴዎ ራሱ ያወጣው መመሪያ የአመልካቿ ቃልና የአንድ የአእምሮ ሐኪም ደብዳቤ ይበቃል ይላል። ፋይሏ ግን አራት ጊዜ ተመለሰ። መጀመሪያ ማኅተሜ ደብዝዟል ተባለ፤ ቀጥሎ ከልክ በላይ ደምቋል ተባለ፤ ሦስተኛው ላይ ምክንያት መጻፉም ተረሳ። በአራተኛው ደግሞ በሦስት ሐኪሞች ፊት ልብሷን አውልቃ ትታይ ተባለ። የገዛ መመሪያን እስከ መርሳት ድረስ በሥራ መጠመድ ቀላል ድካም እንዳልሆነ እረዳለሁ።

፪. ለሕክምና ተማሪዎች በዓመት አንዴ የማስተምራት የአንድ ሰዓት ትምህርት ከረቡዕ ጠዋት ወደ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተዛወረች፤ ከዚያም በእባብ ንክሻና በሻይ እረፍት መካከል ሃያ ደቂቃ ተሰጣት፤ ዘንድሮ «ተማሪ ግራ ታጋባለች» ተብላ ተሰረዘች። እውነት ነው፣ እኔም ግራ ተጋብቼ ነበር። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ወደ እኔ የመጣችን አንዲት ሴት እንደ ወንድ ቆጥሬ «ስታገባ ይተውሃል» ብዬ ሸኘኋት። ተመልሳ አልመጣችም። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ፤ ያቺን ሰዓት የማስተምረውም ስለዚሁ ነው። እርስዎ ተማሪ ሳሉ ኋላ ወንበር ላይ ሲተኙ አለመቀስቀሴ ግን የእኔ ጥፋት ነው።

፫. ባለፈው ማክሰኞ በልጅዎ የስም ማውጣት ድግስ ላይ ስለጋበዙኝና ስለ ጣፋጩ ፔዳ አመሰግናለሁ። ወንድ ተብለው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩት፣ አገሬው ሕፃን የሚያስመርቃቸው ሂጅራዎች እንደ ደንቡ እያጨበጨቡ ሲመጡ፣ እናትዎ በባዶ እግራቸው ደረጃውን ወርደው «ግቡ እህቶቼ፣ ግቡ! እናንተ ያልመረቃችሁት ልጅ ምን ያድጋል!» አሉ። እርስዎም ሕፃኑን ለአንዷ አስታቅፈው ራስዎን ዝቅ አደረጉ። የታቀፈችው ከእነሱ ጋር የምትኖረው ኬታኪ ነበረች። ፎቶዋ አራት ጊዜ በእጅዎ ቢያልፍም አላወቋትም። እሷ ግን አውቃዎታለች፤ ልጅዎንም አቅፋ መረቀችው።

ምርቃቷ ሲፈለግ ማንነቷ ያለ ማኅተምና ያለ ሦስት ሐኪም፣ ልብሷም ሳይወልቅ፣ እዚያው ደረጃው ላይ ተረጋገጠ። ለዚህ ቅልጥፍናዎ አድናቆቴን እገልጻለሁ። ስንወጣ ኬታኪ «ዶክተርዬ፣ ሰብሳቢው አይደል እንዴ? ልጁ ግን ሲያምር!» አለችኝ። የተናደድኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልበረደልኝም።

ፋይሉን ለአምስተኛ ጊዜ ቢመልሱት በተለመደው ትሕትና እንደምቀበለው እያረጋገጥኩ፣ ለፊርማ ቀለም ቢያጥርዎ ግን የገዛ ብዕሬን ይዤ ዓርብ ከማለዳ ጀምሮ ከቢሮዎ በር እንደማልጠፋ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ነቅተውም ሆነ ተኝተው እርስዎን ማስተማር ያልታከታት፣
ዶክተር ሱሎቻና ፓራንጃፔ

ተጨማሪ ቃል፦ ከጭብጨባው የተነሳ የምርቃቱ ቃል በደንብ ተሰምቶዎት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ኬታኪ ልጅዎን «ራስህን በምትጠራበት ስም ይጥሩህ፤ የማንንም ደጅ አያስጠናህ» አለችው። እርስዎም ጮክ ብለው «እንዳፍሽ ያድርግልን» አሉ። ማንነቷ አልተረጋገጠም የተባለች ሴት ምርቃት ይደርስ እንደሆነ በሙያዬ የማውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን መጠየቅ ግድ ሆኖብኛል።

ግልባጭ፦
ለእናትዎ