የቺሃያ ጉልበትና የማኅበራችሁ ተመልካቾች

ለተከበሩ የከተማችን የበረዶ ስፖርት ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ለአቶ ኦኒዙካ፤

ጣሪያ በሚያጎብጠው በዘንድሮው የሆካይዶ በረዶ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ ደህና ነው? ጉልበት ትልቅ ነገር መሆኑን ሰሞኑን በቤታችን ተምረናል።

እኔ ፉሳኤ ኩዶ ከኮረብታው መዝለያ ላይ በበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ፣ የምትዘለው የቺሃያ አክስት ነኝ። ከዝላይ በፊት የማረፊያውን ቁልቁለት በስኪ እየረገጥን ከምንደለድለው ሴቶችም አንዷ ነኝ። ካሜራ ስለማያነሳን ባያውቁኝ አልቀየምም።

በቅድሚያ ምስጋና ላቅርብ። ቺሃያ ካረፈች በኋላ ወደ መዝለያው ዞራ እጅ ስትነሳ የሚያሳየው አጭር ቪዲዮ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ማኅበርዎ ልጅቷን በአንድ ሌሊት አገኛት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚያው መዝለያ ላይ ስለነበረች፣ በመገኘቷ ሁላችንም ተደስተናል።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው።

፩. እጅ መንሳት የእኛ ዘላዮች ሁሉ ልማድ ነው፤ ኮረብታው በሰላም ስላሳረፈ ይመሰገናል። እርስዎ ግን «ብርሃኑ አላማረኝም፣ እስቲ ድገሚው! ፈገግ በይ እንጂ ልጄ!» እያሉ አንዱን ምስጋና ደጋግመው አስቀረጿት። ኮረብታው ሳያፍር አልቀረም።

፪. ፀጉሯን እንዳትቆረጥ በማኅበሩ ስም ስለተላከላት ምክር እናመሰግናለን። ስለ አዘላለሏ ምክር የላከ የለም።

፫. ባለፈው እሑድ በስልክ በቀጥታ ለሚተላለፈው ትርኢት ስትዘጋጅ ነፋሱ ከጀርባ ነበር። ከጀርባ የመጣ ነፋስ ዘላይን ወደ መሬት እንደሚጫን እዚህ ሕፃንም ያውቃል፤ አሰልጣኝ ሙራኮሺም ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ባንዲራው ካልወረደ አይዘለልም። ማረፊያው ዳር ቆሜ የሰማሁት ይህን ነው፦

«ሙራኮሺ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሰዉ ስልኩን ዘግቶ ሊሄድ ነው እኮ!»

«ሊቀ መንበር፣ ነፋሱ እስኪዞር ትንሽ ይታገሡ።»

«አሰልጣኝ ሞልቷል ወንድሜ። ልጥራ እንዴ?»

ባንዲራው ወረደ። ቺሃያም ወረደች፤ የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ።

፬. ሐኪሙ ክረምቱን ሙሉ እንዳትዘል ከልክሏል። እርስዎ ደግሞ በታላቅ ርኅራኄ፣ በመጪው እሑድ «ከትንሿ መዝለያ ብቻ፣ እጅ ለመንሳት ያህል» እንድትዘል ጠይቀዋታል። ልጅቷም ፈሪ እንዳትባል ብላ እሺ ብላለች። እኛ ግን እሺ አላልንም።

ስለዚህ እኛ ሴቶቹ በዚያ እሑድ ማረፊያውን እንደማንረግጥ በአክብሮት እናሳውቃለን። ባልተረገጠ በረዶ ላይ የሚያርፍ ሰው የለም። ማኅበሩ እጅግ ብዙ ተከታዮች ስላሉት፣ ጥቂቶቹን ጠርተው ቢያስረግጡ አንከፋም። ማልደው ይምጡ፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው።

ለክብርዎ ከወገቧ ዝቅ የምትል፣
ፉሳኤ ኩዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወደቀችበት ቪዲዮ እስከ ዛሬ ከማኅበሩ ገጽ ላይ አልተነሳም። ከእጅ መንሳቱ የበለጠ ተመልካች አግኝቷልና እንኳን ደስ አለዎት። ጩኸቷን በሙዚቃ ስለሸፈኑላትም እናቷ አመስግኚልኝ ብላለች።