የሰው ዘንግ አይነካም

ለምወድሽም ለምቆጣሽም ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል እታለም? ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ባለቤትሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? እኛ ደህና ነን። ይህን የምልሽ ለወግ አይደለም፤ በእውነት ደህና ነን። የፊደሉን መንጋደድ አይተሽ ታማለች ብለሽ እንዳትደነግጪ። እኔ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ፣ ወፍራም ሸራ በሁለት እጄ ወጥሬ ይዤ ነው ይህን ሁሉ የምነግርሽ። ምን እንደምሰፋ ኋላ ትሰሚያለሽ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ከስፌት ቤቱ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አንቺ ጋ እንድመጣና እንድከርም፣ ባሌን ደግሞ ወንድሙ ጋ እንዳደርሰው፣ የማርፍበትን ክፍል እንኳ አስጠርገሽ እንደምትጠብቂኝ ነግረሽኛል። አልመጣም። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ማስኬድ አልፈልግም። ፈቃዴን ወስጃለሁ፤ የምሄደው ግን ከባሌ ጋር ባሕር ነው። ዓሣ ልናጠምድ።

አሁን ወንበር ስበሽ እንደተቀመጥሽ ይታየኛል። ቀኝ እጁን መጋዝ የበላበት ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ትያለሽ። አዎ፣ እሱው ራሱ።

ባለፈው የመጣሽ ዕለት ወጥ ቤት ቆመን ያልሽኝን አልረሳሁትም። ገና ወጣት ነሽ፣ አናጢ ያለ እጅ ምን ይሆናል፣ ከግማሽ ሰው ጋር ዕድሜሽን አትጨርሺ አልሽኝ። ተኝቷል ብለሽ ነበር። አልተኛም። በወጥ ቤቱና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለው እሱ ራሱ የሠራው የሳንቃ ግድግዳ ነው፤ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያሳልፍ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ግማሽ ሰው የሚለውን ከዚህ ደብዳቤ መዝለል ይቻል ነበር። አይዘለልም፣ እንዳለችው ይቀመጥ አልኩ። ተቀምጧል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እህትሽ እውነቷን ነው፣ ሂጂ አለኝ። አደጋው ከደረሰበት ጀምሮ ከቤት አልወጣም ነበር። መሣሪያዎቹን በከረጢት ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከቷቸዋል። እኔም ሸሚዙን እየቆለፍኩ፣ ዳቦውን እየቆረስኩ፣ የጫማውን ክር እያሰርኩ እንደ ሕፃን ይዤው ነበር። ሂጂ ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። በሱ ብቻ አይደለም፤ ባንቺም፣ በመጋዙም፣ በራሴም። ተነሥቼ የዕቃ ቤቱን በር ከፈትኩ። ከበሩ ጀርባ በአናጢ እርሳስ የተጻፈ የስልክ ቁጥር አለ። ድሮ ቁም ሣጥን የሠራለት ደንበኛ የሰጠው ነው፤ እንግዳ በጀልባ ይዘው ዓሣ የሚያስጠምዱ የባሕሩ ጠረፍ ልጆች፣ ወንድማማቾች ናቸው። ከተጋባን ጀምሮ እንሄዳለን እንዳለኝ፣ በየዓመቱ አጣዳፊ ሥራ እየመጣ ቁጥሩ በሩ ላይ ቀርቶ ነበር። እሱ እየሰማኝ ደወልኩ።

ያነሳው ታላቅየው ነው። ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሰው። ባልና ሚስት ነን፣ ባሌ ቀኝ እጅ የለውም አልኩት ቁርጥ አድርጌ። ውይ፣ ምን ሆኖ፣ አይዟችሁ የሚለውን ስጠብቅ፣ ክብደታችሁ ስንት ነው አለኝ። ጀልባዋ ትንሽ ስለሆነች ከባዱን ሰው ወደ ኋላ፣ ቀላሉን ወደ ፊት ነው የሚያስቀምጡት። የኔን ቀነስ አድርጌ ነገርኩት። የኔ እህት፣ ጀልባ ይሉኝታ የላትም አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። እንዳትስቂ፤ አንቺም ብትሆኚ ከኔ አትሻይም።

ከዚያ ስለ እጁ ጠየቀኝ። እንዴት እንደሄደ አይደለም፤ የቀረው እስከ የት እንደሆነ። ከክርኑ በታች ነው የተቆረጠው አልኩት። እንግዲያው የማጥመጃውን ዘንግ ወገቡ ላይ የሚያቆምበት መታጠቂያ ይኑረው፣ የክሩን ማጠንጠኛ እኛ በግራ እጅ የሚዞር እናዘጋጅለታለን አለ። በቃ። እኔ ደንበኛ ስለካ እጅጌው እዚህ ድረስ፣ ወገቡ ይህን ያህል እንደምለው ነው ያወራው። ስለ ባሌ እንደዚያ ሲወራ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ልቤ ሞቅ ሲለው ጊዜ፣ ዓሣው ከከበደው ዘንጉን እኔ ልይዝለት ብዬ ጠየቅሁት። አይሆንም አለ። በእኛ ጀልባ የሰው ዘንግ አይነካም፤ የያዘ ሰው ራሱ ያወጣል፣ ካቃተው ራሱ ይለቃል፣ ሌላው መረብ ይዞ ይጠብቃል አለኝ። ታናሽየው ደግሞ ወሬ የሚወድ ነው፤ ስልኩን ነጥቆ፣ ባሏን እረዳለሁ ብላ ከነዘንጉ ባሕር የጨመረች ሴት እናውቃለን አለና ሳቀ።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ደንቡን ነገርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ ቤታችን ገባ። ሸሚዙን ራሱ ይቆልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፉን ከማይሆን ቀዳዳ እያስገባ እንደገና ሲፈታ፣ እኔ ልነሣ እልና እጆቼን ከስፌት መኪናው ሥር እደብቃለሁ። ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ይሰበር። አንድ ጠዋት በሩን ዘግቶ ከጫማው ክር ጋር ሲታገል ሰምቼ ደጅ ወጥቼ አልቅሻለሁ። ግን አልገባሁም። የዚያን ሰሞን ነው መሣሪያዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ለልምምድ የሚሆን ዘንግ ለራሱ የሠራው። ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ጎባጣነቱን ስነግረው፣ አጥማጁ እኔ ነኝ አንቺ ብሎ ተቆጣኝ። መቆጣቱ ራሱ ደስ አለኝ።

ውርወራ የሚለማመደው ግቢያችን ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዓሣችን የጎረቤታችን አንሶላ ሆነ። መንጠቆው ከተሰጣበት ገመድ ላይ ነጥቆ ይዞት መጣ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ምላሷ ለማንም አይመለስም። በመስኮት ብቅ ብላ፣ እሱ ገና ትንሽ ነው፣ መልሰው ይደግ አለችው። ባሌ ግድግዳ ተደግፎ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እታለም። ያን ሳቅ ሞቷል ብዬ ቀብሬው ነበር።

እንግዲህ ነፋሱ ሲረጋ በአውቶቡስ እንነሣለን። የወንድማማቾቹ እናት ቤት አንድ ክፍል ተይዞልናል። ታናሽየው መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው ብሎ ነበር፤ ታላቅየው ወደ ዓሣ ማድረቂያው ነው ብሎ አረመው። ይሁን። ዓሣ መንጠቆውን ባይነካልንም አይነካ። እኔን ሊያጥወለውለኝ ይችላል፤ ያኔ ጀርባዬን የሚያሸኝ እሱ ነው። ይህ የምሰፋው ሸራ መታጠቂያው ነው፤ ወገቡን ለክቼ የቆረጥኩት፣ ሆዱን ትንሽ እንዲያስገባ የነገርኩት። ዘመድ ቢያወራ ያውራ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያለሁ። ያስጠረግሽውንም ክፍል ለሌላ እንግዳ አድርጊው።

ለኔ ብለሽ እንደተናገርሽ አውቃለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቴም አንቺ ነሽ። ስለዚህ ነው ቃልሽ የቆረጠኝ። ብታኮርፊ አኩርፊ፤ ስንመለስ በርሽን አንኳኩተን እንገባለን። ሁለታችንም። ብቻዬን የምመጣበት ቀን የለም።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ቤትሽ ሳቅ አይጣ። ባሌም ሰላም ይልሻል። ከልብህ ነው ወይ አልኩት፤ ለጊዜው ግማሹን አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ እሱ ያልኩት አንድ መልካም ነገር ነበር፤ አልሰማሁም ብሎ አልጻፈውም። ቀለም የተዝረከረከበትን ቦታ ይቅር በይ። መታጠቂያው አለቀ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ከሰላምታው ጀምሮ እስከዚህ ድረስ እስክሪብቶውን አንድም ጊዜ አልነካሁትም።

ቃሉ የታናሽ እህትሽ ነው።