የቀይዋ መኪና ስርጉድ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ዛሬም ያስቸግርሻል ወይስ ተወሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አንቺን በለጠ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? እኛ ሁላችንም አለን፣ ተመስገን። ናፍቆትሽ ግን እንደ ቆየ ስብራት ነው፤ ረሳነው ስንል ብርድ በመጣ ቁጥር ይነሣብናል።

አባባ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ተሽሎታል። ትንፋሹ ተመልሷል፣ እህልም ይቀምሳል፣ መቆጣትም ጀምሯል። መቼም እሱ ካልተቆጣ ደህና መሆኑን አናውቅም። ዓይኑ ግን ያው ነው። ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ፊት አይለይም። ከቤት ወደ ጋራዡ የሚሄደውም ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። አንቺና አባባ ደግሞ በስልክ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ከተባባላችሁ በኋላ ምን እንደምትባባሉ ይጠፋችኋል። ባለፈው ወር ግን «ወንድምሽ ቀይዋን መኪናዬን ሸጠብኝ» ብሎሻል። አንቺም ስልኩን ዘጋሽው። አልቀየምሽም፤ አባት እንዲህ ካለ ማን አያምንም? ብቻ ነገሩን ከሥሩ ስሚኝና ከዚያ ፍረጂብኝ።

አባባ ወጣት ሳለ በሾፌርነት ከሠራበት ፊልም የቀሩትንና ጋራዡ ውስጥ የሰበሰባቸውን ሦስቱን መኪኖች ታውቂያቸዋለሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። በፊልሙ ውስጥ ሆቴል በር ላይ ቆማ ብቻ የታየችው ጣሪያ አልባዋ ነጭ፣ ዛሬም ሥራዋ መቆም ነው። ሌቦቹ ያመለጡባት አረንጓዴዋ ቤንዚን ታንጠባጥባለች፤ እስካሁን እያመለጠች ይመስላታል። ቀይዋ ደግሞ ከፈረሰው ድልድይ ላይ የዘለለችው ናት። የነዳትም የተዋናዩን ጃኬት ለብሶ በእሱ ፈንታ የተቀመጠው አባባ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ስሙ አልተጻፈም፣ ፊቱም አይታይም። ያለው አቧራውና ጀርባው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በግራ ፓራፋንጎዋ፣ ማለትም የፊት ጎማዋን በሚሸፍነው ላሜራ፣ ላይ የነበረችው ስርጉድ የዝላዩ ምስክር ተብላ ትልቅ ቦታ የነበራት። አሮጌ ስፖርት መኪና የሚሰበስቡት ሰዎች መጥተው ስለ ዝላዩ ሲጠይቁት አንድም ቀን አውርቶላቸው አያውቅም። ስርጉዷን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና ፈገግ ይላል፤ እነሱም ተራ በተራ ይዳስሷታል፣ ፎቶም ያነሷታል።

ላሜራ ቀጥቃጩን ጋሽ መዶሻን መቼም አትረሻቸውም። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሞተሮቹን ያስነሣሉ። እኚህ ሰው ያቺን ስርጉድ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ይበላቸው ነበር። እኔ በሕይወት እያለሁ የጓደኛዬ መኪና ተጎድጉዳ ስትቆም ሰው ምን ይለኛል ይላሉ። አባባም እጅህን ሰብስብ፣ ተዋት ይላቸዋል። እሳቸው ታዲያ አባባ የሚከለክላቸው እንዳይደክሙ ብሎ ይመስላቸው ነበር። አባባ ሆስፒታል ገብቶ ሐኪሞቹ ተስፋ ሲያሳንሱብን፣ ጋሽ መዶሻ ጓደኛዬ ከዳነ አምራ ትጠብቀው ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ። የጋራዡ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፣ እኔ ደግሞ ከአባባ አልጋ አልርቅም። ፓራፋንጎዋን ፈትተው፣ ላሜራውን ከውስጥ ቀስ እያሉ ቀጥቅጠው አወጡት፣ ቀለሙን አመሳስለው ቀቡት። ሥራቸውን ጨርሰውም ሌላ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ሄዱ። እኔም ስመለስ አየሁትና፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እሰይ አልኩ። ያማረ ነገር ማን ይጠላል?

አባባ ቤት የገባ ዕለት ሳያርፍ ወደ ጋራዡ ሄደ። ሽፋኗን ገፈፍኩለት። እጁን ከፊት መብራቷ ጀምሮ በግራ ጎኗ ወሰደ፤ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወሰደ። ከዚያ እጁን ሰበሰበና ይህቺ የእኔ አይደለችም አለ።

በፊልሙ ሁለት ቀይ መኪኖች እንደነበሩ ታውቂያለሽ፤ አንዷ አባባ የዘለለባት፣ ሌላዋ ተዋናዩ ፊቱ እንዲታይ ተቀምጦ የተቀረጸባት። ሁለተኛዋ ዛሬ ባለ ኮፍያው የምንለው ሰብሳቢ ዘንድ ናት። ይህ ሰው የእኛዋን ሽጡልኝ እያለ ሲመላለስ ኖሯል፤ ሆስፒታል ድረስ እንኳ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር። አባባም አንዱን ካንዱ ገጣጠመው። ዓይኑ አያይም ብዬ የእሱን ሸጬ መንትያዋን የተካሁበት መሰለው።

ያቃኗት ጋሽ መዶሻ ናቸው አልኩት። እንዲያውም የባሰው ይህን ጊዜ ነው። መዶሻ አይነካትም፣ ከዕድሜዬ እኩሌታ በላይ ስነግረው ኖሬአለሁ፣ በሌለ ሰው ላይ አትለጥፍ ብሎ ተቆጣኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከሸጥክም ሸጠሃል፣ ቸግሮህ ይሆናል፣ ብቻ አትዋሸኝ አለኝ። እትዬ፣ በዱላ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋራዡን ረገጠው ብለሽ ነው? መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ውሃ ሳቀብለው እንደ እንግዳ ያመሰግነኛል። ሞተሩን አስነሥቼ ድምፁን ስማው ብለው፣ የመንትያ ድምፅም አንድ ነው አለኝ። ጋሽ መዶሻ ጋ ብደውል ጆሯቸው ስልክ አይሰማም፤ ልጃቸውም ነገሬን ሳታስጨርሰኝ ደህና ናቸው ትለኝና ትዘጋለች። ባለ ኮፍያው ይመስክርልኝ ብዬ ጠራሁት። እሱ ደግሞ ገና ፓራፋንጎዋን ሲያይ ለቀብር እንደመጣ ሰው ኮፍያውን አወለቀ፤ ታሪኳን ገደላችሁት ብሎኝ በመጣበት እግሩ ተመለሰ። ለአባባ ይህንኑ ስነግረው፣ ገዢ ለሻጭ ቢመሰክር ምን ይደንቃል አለ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አባቴ ፊት ሌባ ሆኜ ሰነበትኩ። ልጄ እንኳ አባዬ የአያቴን መኪና የት ወሰድካት ብላ ጠየቀችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ መዶሻ ተመለሱ። ምንም አያውቁም። ገና ከበር እየሳቁ ገቡና ሙሽራይቱ እንዴት ናት፣ አላማረችም ወይ አሉ። ምስጋና ነበር የሚጠብቁት። አባባ ፊቱን ወደ ድምፃቸው አዞረና አንተ ነህ የነካሃት አላቸው። እኔ ነኛ፣ ለአንተ ብዬ አሉ። አባባ ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ ወደ እሳቸው መሰለኝ፣ ግን እኔን ነበር የሚፈልገው። ትከሻዬን ሲያገኝ ጨበጠውና ልጄ አለኝ። ሌላ አልጨመረም፣ እኔም ሌላ አልፈለግሁም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጋሽ መዶሻ ነገሩ ሲገባቸው እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አባባ ግን አልተቆጣቸውም። ደህና አድርገህ አቃናሃት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም አሉት። ይታወቃል፣ ጣቴ ፈልጎ አጣው አለ። ቀጥሎ መኪናዋ ውስጥ አስገቡኝ አለን። ደግፈን መሪው ጋ አስቀመጥነው። አንድም ቀን አውርቶት የማያውቀውን ዝላይ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያወራን ጀመር።

ፈርቶ ነበር። ከድልድዩ አፋፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የዘለለው። መኪናዋ ማዶ ስታርፍ ግን አንድ ጭረት እንኳ አልነካትም። አዎ እትዬ፣ ደግመሽ አንብቢው፤ ስርጉዷ የዝላዩ አልነበረችም። አቧራው ሳይበተን አንድ ሰው እየሮጠ መጣና ሚስትህ ምጥ ተይዛለች አለው። አባባ የተዋናዩን ጃኬት እንደለበሰ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ በዚያችው መኪና ወጣ። ድልድይ የዘለለ ሰው ያን ጊዜ ማርሽ እንኳ ማስገባት አቃተው። የማዋለጃው ግቢ ሲደርስ ፓራፋንጎዋን ከበሩ ምሰሶ ጋር አላተመው። በሯን ሳይዘጋ ትቷት ገባ። ነርሷ አቧራህን አራግፍ፣ እጅህን ታጠብ ብላ ጮኸችበት፤ ከታጠበም በኋላ ነው አንቺን የሰጠችው።

መኪናዋን ሲመልስ የፊልሙ ሰዎች ስርጉዷን አዩና ከዝላዩ መስሏቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። እውነቱን ቢናገር ከሥራው ይባረራል፣ ስለዚህ ዝም አለ። ዝምታውም ሲውል ሲያድር ዝና ሆነ፤ ዝና ከሆነ በኋላ ደግሞ ማን ያፈርሰዋል? እማዬም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳታውቅ ሄደች።

ጋሽ መዶሻ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው መዶሻ አምጡልኝ፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሼ ላጎድጉዳት አሉ። አባባ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ያን ጊዜ ነው ስለ አንቺ የተናገረው። ስትሄጂ «ከእኔ ራስ ይልቅ ይህን ብረት ስትዳብስ ነው የኖርከው» ብለሽው ነበር። መልስ ነበረኝ፣ አላወጣሁትም አለ። እሷን ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል፣ መናገር ስለማልችልበት ብረቱን እነካለሁ አለ። አሁን በጣቴ የማሳያት ነገር የለኝም፣ በስልክም ድምፄ ይከዳኛል፣ አንተ ጻፍላት አለኝ።

እኔም ጻፍኩልሽ። ባለ ኮፍያው ይህን አይስማ፤ ኮፍያውን ከማውለቅም አልፎ ይበላዋል። አንቺ ግን ደውዪለት። ስለ መኪናዋ አትጠይቂው። ስለ ተወለድሽበት ቀን ጠይቂውና እሱ እስኪጨርስ ድረስ ስልኩን አትዝጊ።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፣ የላክሽላት ሹራብ በልክ ሆኖላታል። ልጄ ያክስቴን ልጆች ሳሚልኝ ብላለች፤ አሁን አባቷ ሌባ አለመሆኑን አምናለች። ጋሽ መዶሻ እያፈሩ ሰላምታ ልከዋል። ባለቤትሽን እጅ ንሺልኝ፣ ልጆቹን በየተራ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ ደግሞ ምን ልበልልህ ብለው፣ እጄን ታጥቤ እየጠበቅኋት ነው በላት አለኝ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከጋራዡ ጎን ካለችው ክፍል
ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን