ክዳኑ ያቃተን የወረቀት ሣጥን

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 9 ቀን 1970 ዓ.ም.

ውድ ተሻለ፣

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሾፌሩ ቃሲም ነው። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። እባክህ እንደ ልማድህ «ተናኜ ደግሞ ታበዛዋለች» ብለህ እንዳትስቅ።

አዲስ አበባ የሄድከው ለእኔ ብለህ መሆኑን አልረሳሁም። ያ ጃፓናዊ መሐንዲስ ትቶልህ የሄደው የወረቀት ሣጥን አሠራር መጽሐፍ፣ ክዳኑን የሚያሳየው ገጹ ተገንጥሎ፣ ስንት ቀን ወረቀት ስናጥፍና ስንፈታ ከረምን! «ጥሩ መጽሐፍ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ በሥዕል የሚያሳይ ነው፤ ከአንዷ ቁራጭ ጀምሮ ስድስቱን እስክታያይዢ እጅሽን ይዞ የሚመራ» አልከኝ። እኔም «ለሊቅ የተጻፈ እንዳታመጣብኝ፣ እንደ እኔ ላለችው ደነዝ ይሁን» አልኩህ። የክኒን ፖስታ ባለቀበት ክሊኒካችን፣ ሣጥኖችህ ስንቱን በሽተኛ ገላገሉ። ያለ ሙጫ፣ ቁራጩ ቁራጩን ይዞ ሲቆም ክኒን ሊወስዱ የመጡት እትዬ ደብሪቱ አይተው «ወይ ጉድ!» ያሉት ትዝ ይልሃል?

አሁን የምነግርህን ፊት ለፊት ብንሆን አፌ አይደፍረውም። ወረቀት ሲቸግረን አንድ እስር ሰጥቼህ ነበር፣ ባንድ በኩል የተጻፈበት። ያገኘሁት ከክሊኒኩ ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ መዝገቦች ሥር ነው። ማን እንዳስቀመጠው ዛሬም አላውቅም። አንዱንም ሳናነብ፣ ንጹሑን ገጽ ወደ ውጭ አድርገን አጠፍነው።

ሰኞ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሦስት ሰዎች ክሊኒኩን ፈተሹ። ጓድ ገሠሠ የሚሉት አንዱን ሣጥን አንስቶ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ለካ የተከለከለ በራሪ ወረቀት ነው! ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እጥፋቱን በመዳፉ እያቃና አነበበው። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«መምህር ተሻለ።»

«ወረቀቱስ የማን ነው?»

ዝም አልኩ፣ ተሻለ። እኔ ነኝ ያመጣሁት ማለት አቃተኝ። ዝምታዬን ያንተ ነው ብሎ ጻፈው፤ ሲጽፍ እያየሁ አላረምኩትም። «የት ሄደ?» ሲለኝ «መጽሐፍ ሊፈልግ፤ ማክሰኞ ይመለሳል» አልኩት። መጽሐፉን ቢያዩ የእጅ ሥራ መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። አወይ ሞኝነቴ! «መነጽር ያደርጋል» ያልኩትም እኔው ነኝ። ትናንት ጣርማ በር ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ አስቁመው መነጽር ያደረገውን ወንድ ሁሉ አውርደዋል አሉ።

ከዚያ ወዲህ የክሊኒኩ ዘበኛ እንኳ ሰላም አይለኝም። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

እወድሃለሁ። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ አሁን ከዚህ ሁሉ በኋላ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

መልክህን በደንብ ስለማያውቁት፣ ማክሰኞ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ እንድቀበልህ አዘውኛል። እነሱ ከኋላዬ ይቆማሉ። ብትወርድ እንደማላውቅህ ሆኜ ላልፍህ ለራሴ ምዬ ነበር። ግን ፊቴን አላምነውም፤ ገና ሳይህ ያሳብቅብሃል።

ከቀረህ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ወረቀቱ የእኔ ነው እላለሁ። ካየሁህ ግን እንደገና የምፈራ ይመስለኛል። ስለዚህ አትምጣ።

በዝምታዋ የበደለችህ፣
ተናኜ