የጋሽ ጉታ ድንኳን የት ይተከል?

ለወረዳችን ምክር ቤት ክቡራን አባላት፣
ጉለሌ

ክቡራን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እናንተንም ቤተሰቦቻችሁንም እግዚአብሔር በሰላም እንዲያኖራችሁ እጸልያለሁ፤ ከእንጦጦ የሚወርደውን መንገዳችንን በእግራችሁ እንደማትሻገሩ ስለማውቅ ግን የጤናችሁ ነገር ብዙም አያሳስበኝም። የወረዳውን ቁጥር ያልጻፍኩት ደብዳቤው ሰው ሁሉ የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ በማያውቃችሁ ሰው ፊት እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ነው። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ወደ ቤቴ የምመለስ ሰው ነኝና በአጻጻፌ ያጎደልኩት ክብር ቢኖር ካለማወቅ ቁጠሩልኝ።

የምጽፈውም ሰሞኑን በአዳራሹ ስለ መስኩ መታደስና ስለ መንገዱ ደህንነት ለሰጣችሁን መልስ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስኩ አመሰግናለሁ። መስኩ ከቁልቁለቱ መታጠፊያ አጠገብ ያለ፣ እድራችን ከድሮ ጀምሮ የለቅሶ ድንኳን ሲተክልበት የኖረ ሣር ነበር። አሁን የአበባ መደብና ፏፏቴ ተሠርቶለት፣ ዙሪያውን በብረት ታጥሮ፣ በሩ ተቆልፏል። እውነት ለመናገር አምሯል፤ ሁላችንም ከውጭ ሆነን ስለምናየው ደግሞ አይቆሽሽም። ድንኳናችንንስ የት እንትከል ብለን ብንጠይቅ፣ አረንጓዴ ቦታ ለመዝናኛ እንጂ ለሐዘን እንደማይፈቀድ በትሕትና ገለጻችሁልን። ይህን ባለማወቃችን በመስኩ ላይ ስናለቅስ ለኖርንበት ዘመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ድንኳናችን አስፋልት ላይ በመውጣቱ አመሰግናለሁ። አስፋልት ካስማ አይቀበልም፤ ስለዚህ ገመዱን በአንድ ወገን ከመብራት ምሰሶ፣ በሌላው ወገን ከድንጋይ ጋር እናስራለን፤ ከአጥሩ ጋር እንዳናስረው ቀለሙ ይላጣል ብሎ ጥበቃው ከልክሎናል። የጎረቤታችን የባለሱቋ የወይዘሮ ረሂማ ወንድም ያረፈ ጊዜ፣ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ መኪና ፍሬኑ እያቃሰተ ቁልቁል መጣና መታጠፊያው ላይ ገመዳችንን በጎኑ ይዞት ሄደ። ሸራው ከላያችን ተገፈፈ፣ ብረቱ ወደቀ፣ ለቅሶ ደራሹ እርስ በርሱ ተደራረበ፤ ሐዘንተኛዋን ከሥር ጎትተን አወጣናት። ከዚያ ወዲህ በለቅሷችን ላይ አዲስ ልማድ መጥቷል። ከላይ የመኪና ድምፅ ሲሰማ አልቃሾቹ ሁሉ ዝም ይላሉ፤ ፍሬኑ መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሦስተኛ፣ በስብሰባው ላይ ወይዘሮ ረሂማ ተነሥታ መታጠፊያው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይሠራልን ብላ ስትለምን፣ በመዝገባችሁ በዚያ ቦታ የሞት አደጋ ስላልተመዘገበ ቅድሚያ እንደማያገኝ የመለሳችሁላትን መልስ አልረሳውም። እርሷም፣ “እንግዲህ ሞተን ተመልሰን እንምጣ ነው የምትሉን፣ ልጆቼ?” አለቻችሁ። አዳራሹ ሳቀ፤ እናንተም ሳቃችሁ፤ ጸሐፊያችሁም “ጠቃሚ አስተያየት” ብሎ መዘገበላት። ከዚያም ስለ አግዳሚ ወንበሮቹ ቀለም ወደሚያወራው ገለጻ አለፍን።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ላብቃና ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ጋሽ ጉታ ታመዋል። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሲሸጡ የኖሩ፣ በእድራችን ደግሞ ድንኳን ሲተክሉ ያረጁ ሰው ናቸው። የባለቤቴን የአዲሳለምን ድንኳን ካስማ በዚያ ሣር ላይ የመቱት እርሳቸው ነበሩ፤ ዝናብ እየወረደባቸው ገመዱን ዳግመኛ ሲያጠብቁ አያቸው ነበር። ሐኪሞቹ ወደ ቤታቸው ይዘናቸው እንድንሄድ ነግረውናል፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርሳቸውም እኛም እናውቃለን። ልጠይቃቸው የገባሁ ዕለት እጄን ያዝ አድርገው፣ “ኃይሌ፣ የኔን የት ልትተክሉት ነው?” አሉኝ። ብርድ ልብሳቸውን ሳስተካክልላቸው፣ “በቃ ይቅርብኝ፤ በኔ ለቅሶ የሰው ልጅ አይለቅ” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። የሰፈሩን ሁሉ ድንኳን የተከለ ሰው የራሱን ድንኳን ሲሰርዝ ቆሜ ሰማሁ።

ክቡራን ሆይ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተበላሽቶብኛል። እግዚአብሔር ለጋሽ ጉታ ዕድሜ እንዲጨምርላቸው እለምናለሁ፤ ከዚያ ራሴን ስመረምር የምለምነው ለእርሳቸው ሳይሆን እናንተ በሩን እስክትከፍቱ ድረስ ጊዜ ለመግዛት ሆኖ አገኘዋለሁ። የሚያጣጥረውን ሰው ቆይልን ማለት ምን ዓይነት ጸሎት ነው? ወይስ የሚያናድደኝ ለአዲሳለም የተለቀሰበት ሣር መታጠሩ ይሆን? የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ እርሳቸውም ለሰው ነፍስ ከሆነ ጻፍ አሉኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት፦ ጋሽ ጉታ ባረፉ ጊዜ እስከ ሠልስታቸው ድረስ የመስኩን በር ክፈቱልን። አበባውን አንረግጥም፤ የቆፈርነውንም መልሰን እንደፍናለን። ክረምቱ ገብቷል፤ እንጦጦ ጠዋት ጠዋት በጉም ተሸፍኖ ነው የሚያረፍደው፤ ገልባጮቹ ከጉሙ ውስጥ የሚወጡት እላያችን ከደረሱ በኋላ ነው። ለቅሶው ደግሞ ትልቅ ነው የሚሆነው፤ ድንኳን ያልተከሉለት ቤት የለምና ሁሉም ይመጣል፤ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ልጅ ያዘለችው።

በየስብሰባው በትዕግሥት ለምታዳምጡንና በዚያው ትዕግሥት ለምትረሱን ክቡራን፣ ረጅም ዕድሜና የታጠረ ግቢ እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ዳር እጅ እነሣለሁ።

ኃይለ መለኮት ተሰማ
የእድሩ አባል

ማስታወሻ፦ ጋሽ ጉታ ይቅርብኝ ቢሉም እድሩ አልተቀበላቸውም፤ ድንኳናቸው ይተከላል፣ በሩ ካልተከፈተም አስፋልቱ ላይ ይተከላል። ለባለሥልጣን የሚገባውን ክብር ስለምናውቅ ከላይ በኩል፣ ወደ መታጠፊያው የቀረቡትን ወንበሮች በሙሉ ለእናንተ ይዘንላችኋል። እባካችሁ አትቅሩ።