ጥሩ መኪና ነው፣ ግን...

ሰኔ 2፣ ሰኞ

እትዬ ከሆስፒታል ወጣች። ተመስገን። ጉልበቷን ቀደው አስተካክለውላታል፣ እግሯ ተጠቅልሎ እንደ ምሰሶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እሷ ግን ከንፈሯን ተቀብታ ነው የጠበቀችኝ። «ጉልበቴን እንጂ ፊቴን አልቀደዱኝም!» አለች። ይቺ ሴት... አጥራችን አንድ ባይሆን ኑሮዬን ምን ይውጠው ነበር?

ጠያቂው ብዙ ነው። እህቷ ሾርባ ይዛ መጣች፣ ጨው የለውም ብላ እትዬ ተጣላቻት። ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዱላ ትራመድ ብሏል። እሷን የጨነቃት ግን ጉልበቱ አይደለም። ልጇ እዚያ ተራራው ላይ ባለችው ከተማ ነርስ ናት፣ እርጉዝ ናት፣ ቀኗ ገብቷል። ክረምት ከገባ ደግሞ አውቶብሱ አስፋልቱ ካለቀበት አያልፍም።

«የልጅ ልጄን በፎቶ ልየው?» አለችኝ። ትራሱን አስተካከልኩላት።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬም አልተሸጠም።

ሱቃችን... ሱቃችን እላለሁ እንጂ የኩባንያው ነው። ባለቤቴ ሻጭ፣ እኔ ጥግ ላይ ሻይ አፍይ። ዙሪያው መስታወት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ መሀሉ ላይ አንድ መኪና። ሰፈሩ «ዝሆን» ይለዋል። ቁመቱ ከኔ በላይ፣ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ። ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ያቋርጣል፣ ድንጋይ ይረግጣል። እኛ ከተማ ውስጥ ተራራ የለም፣ ወንዙ ድልድይ አለው፣ ድንጋዩም አስፋልት ለብሷል። እንግዲህ ማን ይግዛው?

ማዶ ያለው ሱቅ ጉርድ ጉርድ ያሉ የቤት መኪናዎች ይሸጣል። እንደ ጉድ ነው የሚያልቁለት። ሻጩን ባለክራቫቱ እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሻይ የሚጠጣውም እኔ ጋ ነው።

የኔው ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ዝሆኑን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውለዋል። ጎማውን ሳይቀር! የወንበሩን ላስቲክ እስከ ዛሬ አልላጠም። እኔን ባገባኝ ሰሞን እንዲህ ተንከባክቦኝ ያውቃል? ...ያውቃል። ልዋሽ አልችልም።

ከሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ስልኩን ሲዘጋ ጆሮው ቀልቷል። «ምን አሉ?» ስለው «ሰላም ብለውሻል» አለኝ። እራት ላይ ነው ያወጣው። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልተሸጠ ሱቁ ይዘጋል። እሱም ሌላ ከተማ፣ መለዋወጫ መጋዘን ይገባል። መጋዘን! ከሰው ጋር ካላወራ የሚያመው ሰው ከቡሎን ጋር ሊያወራ? እኔስ? ከዚህ ቤት ተነቅዬ? ከእትዬ አጥር?

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ሁለት ሰው መጣ። ሁለቱም ሞከሩት። ሁለቱም «እናስብበት» ብለው ሄዱ።

ሙከራው ሁሌ አንድ ነው። ከሱቁ ወጥቶ በአዲሱ አስፋልት እስከ ኬክ ቤቱ፣ አደባባዩን ዞሮ መመለስ። ሌላ መንገድ አይወስዳቸውም። ለምን? መኪናው ይቆሽሻላ!

ሲመለሱ እሱን «በጣም ጥሩ መኪና ነው» ይሉታል። ይሉኝታ። ዓይኑን እያዩ ምን ይበሉት? ከዚያ እኔ ጋ ይመጡና ስኳሩን እያማሰሉ ሆዳቸውን ይዘረግፉልኛል። የሁሉም አጀማመር «ጥሩ ነው፣ ግን...» ነው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፦ «ግን እህቴ፣ ነዳጁን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ለኔ ቤትና ሱቅ መመላለሻ?»

ጠበቃው፦ «ግን ጀርባዬ አለቀ። ድምፁ ደግሞ... ሚስቴ ከጎኔ ሆና የምትለኝን አልሰማም።» ትንሽ አሰበና «ይሄስ እንኳ ደግ ነበር» አለ።

ሳቅሁ። ኋላ ዞር ስል የኔው ሰው ከበሩ ላይ የእጅ አሻራቸውን እየጠረገ ነው። «ወደውታል አይደል?» አለኝ። «ወደውታል» አልኩት። ምን ላድርግ? አፌ እንቢ አለኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ጠባብ ቀሚስ፣ ረጅም ታኮ። በሩ ተከፍቶላት ቆመች። መርገጫውን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ ባለቤቴን አየች። «መሰላሉ የታለ?»

«እጀታውን ይያዙና ዝለል ይበሉ!» አላት። በዚያ ቀሚስ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

የሆነ ሆኖ ወጣች። ከኬክ ቤቱ አጠገብ ያለው ባንክ ጋ ሲደርሱ ማቆሚያው አልበቃው ብሎ የሁለት መኪና ቦታ ይዞ ቆመ፣ ዘበኛው ፊሽካ ነፋባቸው። በራሷ ባንክ! ስትመለስ ሻዩን ሁለቴ ፉት አለችና «ጥሩ ነው፣ ግን የግቢዬ በር አያስገባውም» አለችኝ። ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ማዶ ተሻገረች። ባለክራቫቱ ከዚያ ሆኖ እንደማፈር ብሎ እጁን አወዛወዘልን።

የኔው ሰው እራቱን አልጨረሰም። ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

አልነገርኩትም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ወለደች! ሴት ልጅ!

እትዬ ስትጮህ የወደቀች መስሎኝ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ዱላዋን ወርውራ በአንድ እግሯ ቆማ እልል ትላለች። አብረን እልል አልን። ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። አውቶብሱ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ቆሟል።

መኪና እንዲያውሰን ባለክራቫቱን ሄጄ ለመንኩት። «እናቴ፣ የኔዎቹ ሆዳቸው መሬት ነው የሚልሰው። ጭቃ ላይ ገብተው ጀልባ ሊሆኑ ነው» አለኝ።

እራት ላይ ለባለቤቴ እንደ ዘበት «ዝሆኑስ?» አልኩት። አንድ ዓይንህን ስጠኝ ያልኩት ይመስል አፈጠጠብኝ።

«ጭቃ ነው እኮ!»

«ታዲያ ለምን ተብሎ ነው የተሠራው?»

ጉርሻውን አኘከ፣ አኘከ። «እስቲ አስፈቅዳለሁ» አለ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ፈቀዱ! ጠዋት ሄድን። ከመሄዳችን በፊት ግን እትዬን መስቀል ነበረብን...

እሱ ከላይ ይጎትታል፣ እኔ ከታች እገፋለሁ። «ቀስ! ማዳበሪያ አይደለሁም!» ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ባለክራቫቱ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ጥሎ የለስላሳ ሳጥን ይዞ ሮጠ። ሳጥኑን ረግጣ ወጣች። ገና ከመቀመጧ የኔው ሰው «እትዬ፣ ጫማዎን ቢያወልቁ...» አላት።

«ጫማ የማወልቀው ልተኛ ስል ነው! ልታስተኛኝ ነው?»

ሳጥኑን ይዘነው ሄድን።

አስፋልቱ ካለቀበት ላይ አንድ ሚኒባስ እስከ በሩ ተቀብሮ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። የኔው ሰው ቆመ። ወርዶ ጭቃውን አየ። ቀዝቃዛ ውሃ ሊገባ እንደ ፈራ ሰው አንድ እግሩን አጥልቆ አወጣ። ተመልሶ ወጣና ገባበት...

ልጽፈው እችላለሁ? ዝሆኑ ተቀየረ። ከተማ ውስጥ የሚያነጥረው፣ የሚያጓራው፣ ቦታ የማይበቃው ያ ግትር መኪና ቀጥ ብሎ ይወጣል። ጭቃው መስታወቱን ሲመታ የኔው ሰው መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳቀ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሆን ብሎ ኩሬው ላይ ሄደበት። እትዬ ከኋላ «ድገመው!» ትላለች።

ፊቱ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መሰለ። «እንዲህ ያለውን መኪና ለምንድን ነው የማይገዙት?» አለኝ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ሁሉንም ነገርኩት። ነዳጁን፣ ጀርባውን፣ የግቢውን በር፣ ቀሚሱን፣ ፊሽካውን። እትዬ «እኔም እኮ ያለ ሳጥን አልወጣሁም» ብላ ጨመረችለት።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ነዳ። ተቀየመ መሰለኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለምትወደው።»

«እኔ መኪናውን ነው የምወደው እንጂ ሱቁ ውስጥ መቆሙን አልወድም» አለ። ከዚያ መሪውን በጥፊ መትቶ ሳቀ። «ለካ በበጋ ዣንጥላ ስሸጥ ነው የከረምኩት!»

ሕፃኗን አየናት። አፍንጫዋ ድፍጥጥ ብሏል። «ዝሆኑን መስላለች» ሲል እትዬ በዱላዋ አቀመሰችው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ጠዋት የነርሷ ደጅ ላይ ሰው ዝሆኑን ከቦታል። ስለ ቀለሙ የጠየቀ የለም። ተንበርክከው ሆዱን ያያሉ፣ ጎማውን በእርግጫ ይመታሉ። አንዱ ውስጡን አይቶ «ይሄ ቴሌቪዥን ምን ያደርግልናል?» አለ።

የወተት ማኅበሩ ሊቀመንበር አንዲት ወፍራም ድምፅ ያላት ሴት ናት። ክረምት ከክረምት ወተታቸው ታች ሳይወርድ ይበላሻል። አንዳቸው ብቻቸውን መኪና አይገዙም፣ ማኅበሩ ግን ሊገዛ ያስባል። ዞራ ዞራ አየችውና ከባለቤቴ ፊት ለፊት መጥታ፦

«ጥሩ ነው፣ ግን ሲበላሽ ተሸክመነው ከተማ እንውረድ? እዚህ ማን ያየዋል?»

ፊት ለፊቱ! ያለ ሻይ፣ ያለ ይሉኝታ! እሱም አልዋሸም። «ጋራዡ ከተማ ነው» አላት። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተበተኑ። እኔ አለቀልን አልኩ። እሱን ሳየው ፈገግ ብሏል። «ሰማሽ? እንደዚህ ዓይነት ‹ግን› ነው የምፈልገው። ይሄ መልስ አለው።»

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ተመለስን። መኪናው እስከ ጣሪያው ጭቃ ነው። ባልዲ ይዤ ስወጣ «ተዪው!» ብሎ ጮኸ።

«አሞሃል?»

«ተዪው አልኩሽ፣ ይታይ!»

ባለክራቫቱ ከማዶ ሆኖ ግንባሩን ይዳስስልኛል፣ ትኩሳቱን ለኪው ለማለት ነው።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ ሲከራከር ዋለ። ዝሆኑን ከመስታወት ቤት እናውጣው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራው ላይ እናቁመው፣ መካኒክና መለዋወጫ እዚያው ይኑር ነው የሚላቸው። እነሱ ደግሞ፣ ማን ነው ጭቃ ላይ መኪና የሚሸጠው? ሱቁ መስታወት የሆነው ለምን ሆነና?

በመጨረሻ «መለዋወጫ መጋዘን ልታስገቡኝ አልነበር? እሺ፣ እገባለሁ። መጋዘኑን ተራራው ላይ አምጡልኝ!» አላቸው።

ከወዲያ ሲስቁ ለኔም ተሰማኝ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሞክር፣ ካልሆነ ግን ያው ነው አሉት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ተራራው ላይ፣ ገበያው ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየን። መካኒኩ መጣ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ነው፣ ሻይ ያለ ስኳር። የሰፈራችን በያጅ ለዝሆኑ ማጠፊያ ያለው መርገጫ ሠርቶለታል። መራቂዋ እትዬ ናት። በዱላዋ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገችውና ማንም ሳይገፋት ወጣች። «የባንኩን ሴትዮ ጥሯት!» አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛ ጋር እየመጣች የልጅ ልጇን ታቅፋለች፣ አሁን ቀጠሮዋ የታወቀ ነው።

የገዛ የለም። የተበላሸ ይዞ የመጣ ግን ስንቱ! ወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ፣ አሮጌ ጭነት መኪና። መካኒኩ ሁሉንም ፈታ፣ ሁሉንም ገጠመ። ሊቀመንበሯ ራቅ ብላ እጇን አጣጥፋ ታየው ነበር። ምን እያሰበች ይሆን?

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ማንም የለም። ያፈላሁትን ራሳችን ጠጣነው።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር?

የመጨረሻችን ቅዳሜ ነበር፣ ዓርብ ማታ መጥተን እዚያው አድረናል። ሊቀመንበሯ ጎህ ሳይቀድ የማኅበሩን ሰዎች አስከትላ መጣች። የወተት ጣሳዎቹን ከኋላ አስጫነች። መሪውን ራሷ ያዘች፣ የኔው ሰው ከጎኗ ተቀመጠ። ያንን ክፉ ቁልቁለት ወርደው፣ ወተቱን አስፋልቱ ላይ ለቆመው መኪና አስረክበው ሊመለሱ ነው።

እትዬና እኔ ስንጠብቅ... ስንጠብቅ... ሕፃኗን የእትዬ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሻዩን ለሁለተኛ ጊዜ ጣድኩ።

መጡ! ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው፣ ዝሆኑ ከስር መኖሩን በድምፁ ነው ያወቅነው። የኔው ሰው ወረደ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሊቀመንበሯ በመርገጫው ቀስ ብላ ወረደች፣ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

በልቤ፣ አሁን እኔ ጋ መጥታ ስኳር እያማሰለች ትናገራለች አልኩ። አልመጣችም። አልፋኝ ሄዳ ከኔው ሰው ፊት ቆመች።

«ጥሩ ነው» አለችው። «ግን...»

ኧረ በስመ አብ! ደረቴን ያዝኩ። እትዬ እጄን ጨመቀችኝ። እሱ እንደ ተማሪ ቆሟል።

«...ግን እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

ሁለት ይፈልጋሉ። አንዱ ለወተቱ፣ አንዱ ለጤና ጣቢያው። የኔው ሰው ሊጨብጣት እጁን ዘረጋና ጭቃ መሆኑን አይቶ ሊመልሰው ሲል እሷ ያዘችው። እትዬ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች፣ የመካኒኩን ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል። ማን ልብ ብሎት!